ባለሙያዋ ማን ናት?



ዛሬ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የምናቀርበው ጉዳይ አንድ ነው። የእጅ ሙያችንን በኢንተርኔት አስተምረን ገቢ እናግኝ የሚለው ሐሳብ ከቡና ላይ ጨዋታ አልፎ ውሳኔ የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ደርሷል። አንድ ድርጅት ጥያቄ አቅርቦልናል። የፈትልና የስፌት ትምህርት በቪዲዮ ቀርጾ ሊሸጥ፣ ለእኛም አንድ ጊዜ ከፍሎ ሊጨርስ ይፈልጋል። ገንዘቡ ለአንዳንዶቻችን የቤት ኪራይ፣ ለአንዳንዶቻችን የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ስለዚህ "አይሆንም" ማለት ቀላል አይደለም፤ "እሺ" ማለትም እንደዚያው። እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

ከአንድ ቃል እንነሳ። በአማርኛችን "ባለሙያ" ስንል ሁለት ዓይነት ሰው እንጠራለን። ሰፈር ውስጥ "እሷ እኮ ባለሙያ ናት" ከተባለ ወጧ የሚጣፍጥ፣ ፈትሏ የማይበጠስ፣ ስፌቷ የጠበቀ ሴት ማለት ነው። ስብሰባ ላይ "ባለሙያ ይምጣልን" ሲባል ደግሞ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሰው ይታሰበናል። የኢንተርኔት ትምህርት ሁለቱንም ይፈልጋል። መቅረጹን፣ ማስተዋወቁን፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳቱን የሚችል ሰው ያስፈልገናል። ነገር ግን ያ ሰው ብቻውን "ባለሙያ" ተብሎ እኛ በቪዲዮ ላይ የምትታይ እጅ ብቻ ሆነን እንዳንቀር፣ ስምምነቱ ሲጻፍ ባለሙያዎቹ ሁለት ወገን መሆናቸው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መታየት አለበት።

የእኛ ሙያ ምን ያህል እንደሆነ ራሳችንም አንዳንዴ እንዘነጋዋለን። ፈትልን ብቻ እንውሰድ። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት የሚሾረው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ለድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ይጠቀማሉ፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ነጠላው ሌላ ለስላሳነት ያገኛል። ክሩ የሚበጠሰው ለምንድን ነው? አመልማሎው ወፍሮ ነው ወይስ እንዝርቱ በሚገባ ሳይሾር ቀርቶ? ይህን የምትለየው ዓመታት የፈተለች ሴት ናት፤ አንዴ አይታ ታውቀዋለች።

ይህን ሙያ የሚፈልግ ሰው አለ ወይ? አለ። በእጅ መፍተልን እንደ ትርፍ ጊዜ ሙያ የያዙ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ማኅበር አላቸው። በብሪታንያ ለምሳሌ የሸማኔዎች፣ የፈታዮችና የማቅለሚያ ባለሙያዎች ማኅበራት ኅብረት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በሌላ በኩል ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ከተማ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። አያታቸው የላከችላቸውን ሞሰብ ቤታቸው አስቀምጠዋል፤ እንዴት እንደተሰፋ ግን የሚያሳያቸው የለም። እነዚህ ሁለት ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ስለዚህ "የኢትዮጵያ ዕደ ጥበብ" ብለን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከከተትን ማንም የኔ ነው አይለውም። "በስድስት ሳምንት ከአመልማሎ እስከ አንድ ድውር ክር" ወይም "በአለላና በወስፌ አንዲት ትንሽ ሰፌድ" ብለን ከጠበብን ግን የሚፈልጋት ሰው ስሙን ሰምቶ ይመጣል። ገበያ አዋቂ የሆነ አጋር ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የትኛዋን ጠባብ ትምህርት፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ እንደምናቀርብ ያሳየናል።

ቪዲዮ ቀርጾ መሸጥ ብቻውን የት እንደሚያደርስም እንወቅ። ታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ያደረጓቸውን ትምህርቶች የመረመረ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት ሁሉ ትምህርቱን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ሦስት ሰው ማለት ነው። ቪዲዮ ብቻውን ተማሪን አይዝም። ተማሪ የሚቆየው ክሩ ሲበጠስበት "ቆይ፣ አሳየኝ" የሚለው ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ደግሞ ከእኛ መካከል ነው። ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት እዚህ ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን አካባቢ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ አስተርጓሚ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ሃያ ተማሪ በቀጥታ ማስተማር እንችላለን። ካሜራው ፊታችንን ሳይሆን ጣቶቻችንን በትከሻችን በኩል ማየት አለበት። የሚቀረጸው ክፍል ደግሞ መብራት በማይጠፋበት ቀን በቀን ብርሃን ተቀርጾ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ከእኛ ብዙዎቻችን ከእንጦጦ ባህር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመን ወደ ከተማ ወርደናል። ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም ተሸክመን ዳገትና ቁልቁለቱን ወጥተን ወርደን፣ ሾላ ገበያ ስንደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነበር። ያኔ ምርጫ አልነበረንም፤ እንጨቱን ወደ ጫካ መልሶ የሚሸከም የለም። ይሁን እንጂ እንጨት አንዴ ተሽጦ አንዴ ይነዳል። የተቀረጸ ትምህርት ግን ሺህ ጊዜ ቢሸጥ አያልቅም። ሺህ ጊዜ የሚሸጠውን ነገር በአንድ ሸክም እንጨት ሥርዓት፣ አንዴ ተቀብሎ መሄድ ተገቢ ነው ወይ? የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሕጉ ምን እንደሚል ጠይቀናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ዘዴንና አሠራርን አይጠብቅም። ማለትም መፍተልን ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ እኛም አንችልም። አዋጁ የሚጠብቀው ሥራ ሆኖ የወጣውን ነገር ነው፤ ቪዲዮውን፣ ጽሑፉን፣ ሥዕሉን። ስለዚህ ሙያው የእኛ ሆኖ ሳለ የሚሸጠው ነገር በሕግ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚወስነው የምንፈርመው ወረቀት ነው።

ወረቀት እንዴት እንደሚያታልል ከጤፋችን ታሪክ እንማር። በ2005 እ.ኤ.አ. የአገራችን የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ፈረመ። ኩባንያው ጤፍ ለገበያ ያቀርባል፣ ኢትዮጵያም ከጥቅሙ ትካፈላለች ተባለ። ስምምነቱ በዘመኑ በአርአያነት የተጠቀሰ ነበር። ኩባንያው ግን አስቀድሞ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ፓተንቱንም አገኘ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከሰረ። በኋላ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከዚያ ሁሉ ተስፋ ለኢትዮጵያ የደረሰው 4,000 ዩሮ ብቻ ነበር። ስምምነቱ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ሲቀር ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ቀጠለ። በመጨረሻ በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. በዘ ሄግ የተሰየመ ፍርድ ቤት ነገሩ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። አገርን የሚያህል ነገር ወረቀት ላይ ሲፈርም እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ደግሞ ሦስት እጥፍ መጠንቀቅ አለብን።

ከዚህ ተነስተን ኮሚቴው ከማንኛውም አጋር ጋር በሚደረግ ስምምነት ውስጥ ይግቡ የሚላቸውን ነጥቦች እናቀርባለን።

መጀመሪያ፣ የተቀረጸው ትምህርት ባለቤት ማኅበሩ ይሁን፤ አጋሩ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሁለት ዓመት፣ የመሸጥ ፈቃድ ይሰጠው። አጋሩ ቢከስር፣ ቢሸጥ ወይም ስሙን ቢቀይር ፈቃዱ ወደ እኛ ይመለስ እንጂ ወደ ሦስተኛ ሰው አይተላለፍ።

ሁለተኛ፣ የተማሪዎቹ ስምና አድራሻ በእኛም እጅ ይኑር። ገበያ ማለት ያ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሌለው አስተማሪ ሁለተኛ ዙር ሲከፍት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በእርግጥ የተማሪዎቹን መረጃ እንደ አደራ መጠበቅ አለብን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህንን ያስገድዳል።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በድርሻ ይሁን። ለስሌት እንዲመች ሃያ ተማሪ እያንዳንዱ 50 ዶላር ቢከፍል 1,000 ዶላር ይሆናል። ለአስተርጓሚ፣ ለኢንተርኔትና ለሌላ ወጪ 200 ቢወጣ 800 ይቀራል። ግማሹ ለአጋሩ፣ ግማሹ ለእኛ ቢሆን በአንድ ዙር 400 ዶላር ነው። ይህ በአንድ ዙር ሲታይ አሁን ከቀረበልን ገንዘብ ያንሳል። በዓመት ሦስትና አራት ዙር ሲሄድ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ተማሪ ካልመጣ ደግሞ ምንም አይገኝም፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን። የአገር ውስጥ ተማሪ በቴሌብር በቀጥታ ለማኅበሩ መክፈል ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ክፍያ መጀመሪያ አጋሩ እጅ ስለሚገባ፣ በስንት ቀን እንደሚደርሰንና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ ፊቷ እንዲታይ የማትፈልግ አባል አትታይ። ፈቃድ የሰጠችም የምታየውን አይታ ትስጥ።

አምስተኛ፣ ውሉ በአማርኛ ይጻፍ፣ እዚህ ጉባኤ ላይም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከመካከላችን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕጉ ለእናቶቻችን የቆመበት ቦታ ነውና ይህን በር አንዝጋው። ፊርማው በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይሁን።

አንድ ነገር ስለ ማስተዋወቁ እንጨምር። የድርጅቱ የናሙና ማስታወቂያ ላይ ከፊት የተቀመጠው የሸክም ፎቶ ነበር። ሸክሙ እውነት ነው፤ አናፍርበትም። ነገር ግን አዝኖልን የተመዘገበ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቀራል፤ መፍተል ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ክሩን ሳይጨርስ አይሄድም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ እንዝርቱ ይቅደም። የእኛን ችግር የሚሸጥ አጋር ችግራችን የቆየ እንደሆነ የሚጠቀም አጋር ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለን። ካሜራና ኮምፒውተር ልትሰጡን እንደምትፈልጉ እናውቃለን፤ እናመሰግናለን። ዛሬ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ለሁለት ነገር የሚውል ድጋፍ ነው። አንደኛው ውሉን ከእኛ ጋር ተቀምጦ የሚያይ የሕግ ባለሙያ ክፍያ ነው። ሁለተኛው አስተማሪ የሚሆኑት አባሎቻችን ለሚለማመዱባቸው ሰዓታት የሚታሰብ ክፍያ ነው። ለልምምድ የተቀመጠች እናት ያን ቀን ጥጥ ፈትላ አልሸጠችም። የገንዘብ ችግር ያለባት አባል ቸኩላ እንድትፈርም የሚያደርጋት ይህ ክፍተት ነው፤ እሱን ከሞላችሁልን ተረጋግተን መደራደር እንችላለን።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የቀረበውን የአንድ ጊዜ ክፍያ አንቀበል። ለድርጅቱ አምስቱን ነጥቦች በጽሑፍ እንስጥ፣ በአንድ ወር ውስጥም መልስ እንጠብቅ። ከተስማማ በፈትል ብቻ፣ በአንድ ዙር፣ ከሃያ ባልበለጡ ተማሪዎች እንሞክር። ካልተስማማ ሌላ አጋር እንፈልጋለን፤ እስከዚያው ድረስም ትምህርቱን በቴሌግራም ለአገር ውስጥ ተማሪዎች በራሳችን እንጀምራለን። የዚህ ወር ኪራይ የጨነቃት አባል ካለች ከቁጠባችን የምትበደርበትን መንገድ ሒሳብ ያዥዋ ከጉባኤው በኋላ ታስረዳለች።

አሁን ተቃውሞም ሆነ ሌላ ሐሳብ ያላችሁ ተናገሩ። "እኔ አላውቅም" የምትል እናት ካለች በተለይ እሷ ትናገር፤ የሚሸጠው የእሷ ሙያ ነውና። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ለልምምዱ የሚመዘገቡም ስማቸውን ለጸሐፊዋ ይስጡ፤ የሚያስፈልጉን ስድስት ፈታዮችና ሁለት ሰፊዎች ናቸው።