ሳይቃጠል በቅጠል፦ ፎቶግራፎቻችንን ከደመና ወደ እጃችን ስለ ማውረድ

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የተደረገ ንግግር)

ይህ ንግግር በሬዲዮ የቀረበ ነው። የሰማ ሰው ደግሞ እንዲያነበው፣ ያልሰማም እንዲደርሰው ተብሎ እነሆ በጽሑፍ ወጥቷል። አጠገባችሁ ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የዛሬው ጉዳይ ስልክ የያዘን ሰው ሁሉ ይነካልና።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት የሽንዲ እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤቴ መጡ። ከተቀመጡ በኋላ ቋጠሮውን ፈቱና፣ «መምህር፣ ስልኩስ ተሠርቷል፤ ልጄ ግን አልተመለሰም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በሕይወት ሳለ በዚያ ስልክ አያሌ ፎቶ ተነሥቶ ነበር፤ በጥምቀት በዓል ላይ፣ በርበሬ ለቀማ ላይ፣ ከታናሽ እህቱ ጋር። ልጁ ዐረፈ። ቆይቶ ስልኩ ሞልቶ አልሠራ ሲል አንድ የዘመድ ልጅ፣ «ፎቶው ደመና ላይ ተቀምጧል፤ ከስልኩ ላይ ቢነሣ ግድ የለም» ብሎ ቦታ አስለቀቀላቸው። ከዚያም ስልኩ ተበላሸ፤ ሲጠገን በውስጡ የነበረው ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። እኔም ደመናውን ለመክፈት ኢሜይላቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ብጠይቃቸው፣ «እሱን ምኑን ዐውቄው? ስልኩን የገዛሁ ለት ባለ ሱቁ ነው የሞላልኝ» አሉ። ባለ ሱቁ አገር ለቆ ሄዷል። በእርሳቸው ስልክ ቁጥር ብንፈልግም ምንም አልተገኘም። አካውንቱ የተከፈተው በእርሳቸው ቁጥር አልነበረማ!

ውድ አንባብያን፣ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፊደል ቆጥረው ስማቸውን በእጃቸው እንዲጽፉ ብዙ ተለፍቷል። ሰው ባላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ እንዳያሳርፍ ነበር አንዱ ምክንያት። ዛሬስ? ሌላ ሰው በከፈተልን አካውንት፣ በማናውቀው የይለፍ ቃል የልጃችንን ፎቶ ማስቀመጥ ካላነበቡት ወረቀት ላይ በጣት ከመፈረም በምን ይለያል? በምንም አይለይም። ስለዚህም ዛሬ ይህን ትምህርት መማር ያስፈልገናል።

ደመና ማለት ምን ማለት ነው?

ደመና ሲባል ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ነገር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ደመናው ያለው መሬት ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በፊንላንድ አገር በባሕር ጠረፍ ሐሚና የምትባል ከተማ አለች። ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያች ከተማ አንድ አሮጌ የወረቀት ፋብሪካ ገዝቶ የኮምፒዩተር ማከማቻ አደረገው። ኮምፒዩተሮቹ እንዳይግሉ የሚቀዘቅዙትም በባሕር ውሃ ነው። ኩባንያው እንዲህ ያሉ ማከማቻዎች በልዩ ልዩ አገሮች አሉት። እኛ ስልካችን ላይ ጉግል ፎቶስን ስንከፍትና ማስቀመጫውን ስናበራ፣ የፎቶአችን ቅጂ በኢንተርኔት ተጉዞ ከእነዚህ ማከማቻዎች በአንዱ ያርፋል።

ይህ እህላችንን በሰው ጎተራ በአደራ እንደ ማስቀመጥ ነው። አደራው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ስልክ ቢሰረቅ፣ ወንዝ ቢወስደው፣ ቤት ቢቃጠል በአደራ የተቀመጠው ይተርፋል። ይሁን እንጂ ብልህ ገበሬ እህሉን ሁሉ በሰው ጎተራ ከቶ የራሱን ጎታ ባዶ አያደርግም። ምክንያቱም ሦስት ነው።

አንደኛው ምክንያት መንገዱ ሊዘጋ መቻሉ ነው። ወደዚያ ጎተራ የሚወስደው መንገድ ኢንተርኔት ነው። በትግራይ ከጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። በክልላችን በአማራም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶው አልጠፋም፤ ግን ባለቤቱ ሊያየው አልቻለም። ለተዝካር የሟችን ፎቶ አሳትሞ ማቆም የፈለገ ሰው፣ ፎቶው በሰው አገር ተቀምጦ እርሱ እጁን አጣጥፎ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ጎተራው ልክ ያለው መሆኑ ነው። ጉግል ፎቶስ እስከ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ድረስ ጥራታቸው መጠነኛ የሆነ ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ይቀበል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። ይህም ለፎቶ፣ ለኢሜይልና ለሌላ ፋይል በአንድነት የተመደበ ነው። አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ነው ብንል፣ 15 ጊጋባይት 5,000 ያህል ፎቶ ቢይዝ ነው። ቪዲዮ ከተጨመረበትማ ቶሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ አዲስ የምታነሡት ፎቶ ወደ ደመናው አይወጣም። እናንተ ግን የወጣ ይመስላችኋል።

ሦስተኛው ምክንያት የተረሳ አደራ የሚሰረዝ መሆኑ ነው። ጉግል ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተና ያልተነካ የግል አካውንት በውስጡ ካለው ፎቶ ጋር ሊሰረዝ ይችላል። እንግዲህ አስቡት! ባለ ሱቁ ከፍቶልን የተውነው አካውንት፣ አሮጌውን ስልክ ጥለን አዲስ ስንገዛ የዘነጋነው አካውንት በዚህ ደንብ ውስጥ የሚገባ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ደረጃ አካውንታችሁን ዕወቁ። ጉግል ፎቶስን ስትከፍቱ በላይኛው ጥግ ላይ ትንሽ ክብ አለች። እርሷን ስትነኩ የኢሜይል አድራሻ ይወጣል። ያንን አድራሻ በደብተር ጻፉት። የይለፍ ቃሉን ካላወቃችሁት፣ አካውንቱ ስልኩ ላይ ገና ክፍት ሳለ ለውጡት፤ ስልክ ቁጥሩም የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ስልኩ ከተበላሸ በኋላ ግን ይህን ማድረግ እጅግ ይከብዳል። ደብተሩን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫችሁን በምታኖሩበት ሣጥን ውስጥ አኑሩት እንጂ በስልኩ ሽፋን ውስጥ አትክተቱት። ስልኩ ቢሰረቅ ቁልፉም አብሮ ይሄዳልና።

ሁለተኛ፣ ፎቶው ጥቂት ከሆነ አንድ በአንድ አውርዱ። ፎቶውን ትከፍታላችሁ፤ ሦስቱን ነጥቦች ትነካላችሁ፤ ዳውንሎድ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ፎቶው ቀድሞውኑ ስልኩ ላይ ካለ ዳውንሎድ የሚለው ላይታይ ስለሚችል አትደናገጡ። በኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ መርጦ ዚፕ በሚባል በአንድ ጥቅል ፋይል ማውረድ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፎቶው ብዙ ከሆነ ጉግል ቴክአውት በሚባለው አገልግሎት ተጠቀሙ። ይህ የአደራ መመለሻ በር ማለት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ገብታችሁ በመጀመሪያ ሁሉም የተመረጠውን ምልክት ታነሣላችሁ፤ ቀጥሎ ጉግል ፎቶስን ብቻ ትመርጣላችሁ፤ የጥቅሉን መጠን 2 ጊጋባይት ታደርጋላችሁ፤ ከዚያም ትእዛዙን ትሰጣላችሁ። ጥቅሉ እስኪዘጋጅ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ሲደርስ በኢሜይል መልእክት ይመጣል። መልእክቱ የሚያገለግለው ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ «ቆይ ነገ» ማለት አያዋጣም።

2 ጊጋባይት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቆረጥ አንዷን ጥቅል ብቻ ደግማችሁ ታወርዳላችሁ እንጂ ሁሉን ከመጀመሪያ አትጀምሩም። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙዎቹ ፍላሾችና ሚሞሪ ካርዶች በተዘጋጁበት ሁኔታ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበሉም።

ጥቅሉን ስትፈቱ ፎቶዎቹ በየዓመታቸው ተከፋፍለው ታገኛላችሁ። ከፎቶዎቹ ጋር ስማቸው «ጄሰን» በሚል የሚያልቅ ትንንሽ ፋይሎች አብረው ይመጣሉ። እነዚህ ፎቶው የተነሣበትን ቀንና የጻፋችሁበትን መግለጫ የያዙ ናቸውና ቆሻሻ ናቸው ብላችሁ አትጣሉ።

ስለ ወጪውም እናስብ። በ1 ጊጋባይት ጥቅል 330 ያህል ፎቶ ሊወርድ ይችላል። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ዋጋ ስለሚረክስ ሌሊት ማውረድ ይሻላል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ስትሄዱ በመሥሪያ ቤት ወይም በሆቴል ዋይፋይ ካገኛችሁም ጥሩ ነው። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አትርሱ፦ ፎቶውን ወደ ፍላሻችሁ ከገለበጣችሁ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ላይ ሰርዙት፤ ከአካውንቱም ውጡ። አለዚያ ቤታችሁን ከፍታችሁ ገበያ እንደ መሄድ ነው።

የወረደውን የት እናኑረው?

አንድ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ፣ ሞልቶ የተትረፈረፈውን የ15 ጊጋባይት አካውንት በሙሉ ይይዛል። ነገር ግን አንድ ፍላሽ ብቻውን አይበቃም። ፍላሽ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ቫይረስ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱን በቤታችሁ፣ ሌላውን በሌላ ቤት ለምትተማመኑበት ዘመድ ስጡ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ቢሆን፣ ሁለቱንም ከፍታችሁ እዩ። ከሁሉ የምትወዷቸውን ጥቂት ፎቶዎች ደግሞ በወረቀት አሳትሟቸው። ወረቀት ባትሪም ኔትወርክም አይጠይቅም።

የእኒያን እናት ነገር መጨረሻ ልንገራችሁ። ሁሉን በር አንኳኩተን ካቃተን በኋላ፣ «ለማንም ሰው ልከውለት አያውቁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ ቡሬ ላለች የእህታቸው ልጅ አንድ ጊዜ በቴሌግራም መላካቸው ትዝ አላቸው። ደወልንላት። ፈልጋ አንድ ፎቶ አገኘች፤ ልጁ በጥምቀት ቀን ነጭ ለብሶ የቆመበትን። ከዚያ ሁሉ ፎቶ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። የተረፈውም ሁለተኛ ቦታ ስለ ነበረ ነው። አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ቴሌግራም ላይ ያለ ፎቶም ቢሆን በአደራ የተቀመጠ ነው። አካውንቱ ለተወሰነ ጊዜ ሳይከፈት ከቆየ በራሱ ይሰረዛል። የምትፈልጉትን ፎቶ ከፍታችሁ ወደ ስልካችሁ ጋለሪ አስቀምጡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

ስልኩ ሲሞላ ጉግል ፎቶስ «ፍሪ አፕ ስፔስ» ይላል፤ ቦታ ላስለቅቅ ማለቱ ነው። ይህን ስትነኩ ወደ ደመናው የወጡት ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶው ያለው በሰው ጎተራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በፍላሽ ሳትገለብጡ አትንኩት። የእኒያም እናት ነገር የተበላሸው ከዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል፣ በጉግል ፎቶስ ውስጥ ገብታችሁ አንድን ፎቶ ስትሰርዙ የሚጠፋው ከስልኩም ከደመናውም ነው። «ደመናው ላይ አለ» ብላችሁ አትዘናጉ። ደመናው ላይ ተቀምጦ የነበረ ፎቶ በስሕተት ከተሰረዘ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መመለስ ይቻላል። ከ60 ቀን በኋላ ግን ወዮ ነው።

የሳምንቱ ሥራ

እንደ ልማዳችን የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ሥሩ። የአካውንታችሁን አድራሻ በደብተር ጻፉ። የይለፍ ቃሉን የምታውቁ መሆናችሁን አረጋግጡ። ከሁሉ ይልቅ ብታጡት የምታለቅሱለትን አሥር ፎቶ አውርዳችሁ በሚሞሪ ካርድ አኑሩ። ይህን ሁሉ ከሠራችሁ በኋላ ወደ አንድ ጎረቤት ሂዱና አሳዩት፤ በተለይ ስልካቸውን ሰው ሞልቶላቸው ለሚይዙ እናቶችና አባቶች። ስትረዷቸው ግን የይለፍ ቃሉን እናንተ አትያዙላቸው። በእጃቸው ያስገቡት፤ መጻፍ ካልቻሉ የሚያምኑት የቤታቸው ልጅ ይጻፍላቸው። የእኛ ሥራ ማስተማር ነው፤ የሰው ቁልፍ መያዝ አይደለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ኔትወርኩ ሳለ፣ ስልኩም ደኅና ሳለ እንሥራው። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።