ስለ ቤት ውሻና ስለ ቤተሰብ ጤንነት
(በደብረ ታቦር አካባቢ ለሚኖሩ እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ዝንብ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ከደጃችን ስለማይጠፋው ስለ ውሻ ነው። «ደግሞ ውሻ ምን የሚነገርለት ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም ይሆናል። እስቲ አስቡት። ከጉና ተራራ ሥር፣ በፋርጣም ሆነ በላይ ጋይንት፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሰው ከከብቱ ጋር ተጠግቶ ሲተኛ፣ በዚያ ውርጭ ደጅ አድሮ ጅቡን ከበጎቹ የሚመልሰው ውሻው ነው። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚያገኘው ፍርፋሪና እርግጫ ነው። በሬ ሲታመም ጎረቤት ይጠራል፤ ውሻ ሲታመም ግን «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ የምንናገረው ለውሻው ስላዘንን ብቻ አይደለም። የውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚሻገርባቸው መንገዶች አሉት። ዋናዎቹም ሁለት ናቸው። አንደኛው በአፉ ነው፤ ሁለተኛው፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ በኋላው ነው።

በአፉ የሚመጣው ሁላችሁም በስሙ የምታውቁት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል፣ በዐይን የማይታይ ነገር ሲሆን፣ የሚገኘውም በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ነው። እንስሳው ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም የቆሰለ ቆዳ ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ከገባም በኋላ የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አልፎ አልፎ በሳምንት ይደርሳል፣ አልፎ አልፎም ዓመት ያልፈዋል። አንጎል ደርሶ ሕመምተኛው ውሃ መፍራት ከጀመረ ወዲያ ግን በዓለም ላይ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ከንክሻው እስከዚያች ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በየዓመቱ በዓለም ላይ ወደ 59,000 የሚሆን ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከ100 ሰው 99ኙን የሚያስይዘው ውሻ ነው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከ100ው 40ዎቹ ያህል ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ከቡችላ ጋር ይጫወታል፤ ሲነከስም ቁጣን ፈርቶ ይደብቃል። «ማን ንካው አለህ!» ተብሎ የሚገረፍ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም። እባካችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁን አስቀድማችሁ «ውሻ ቢቧጭርህም፣ ቢነክስህም ንገረኝ፤ አልቆጣህም» በሏቸው።

ያበደ ውሻ ሁልጊዜ የሚሮጥና የሚናከስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው አለ፤ ጠባዩ ተለውጦ ጌታውን የማያውቅ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁም የጎረነነ። ነገር ግን ጸጥ ብሎ የሚያብድም አለ። ይህኛው ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥም ያቅተዋል። ያየውም ሰው «አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርቶበት ነው» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። በላምና በበሬም እንዲሁ ነው፤ ለሃጩ የሚፈስና የሚያጓራ ከብት ያነቀው ነገር ያለ ይመስላል። እጃችሁን አትክተቱ! የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። እንዲህ የታመመን ከብት ወተቱን አትጠጡ፤ አርዳችሁም አትብሉ።

እንግዲህ ልጅ ቢነከስ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው መድኃኒት በየቤታችሁ አለ፤ ውሃና ሳሙና ነው። በዚያው ሰዓት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት በሌለበት ቤት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቀጭን አድርጋችሁ እያፈሰሳችሁ፣ ጀሪካኑ እስኪያልቅ ድረስ እጠቡ። ልጁ ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ይህ እጥበት እንዲያው ለወጉ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ከሥጋው ላይ የሚያስወግደው እርሱ ነው። ሳሙና ከታጣ በውሃ ብቻም ቢሆን እጠቡ። ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ ወይም እበት በቁስሉ ላይ አታድርጉ፤ አጥብቃችሁም አታሥሩት። ከዚያ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳትበትን ነገር በግልጽ እንነጋገር። ልጁ ሲነከስ ዘመድ ይሰበሰብና «እገሌ የሚባል መድኃኒት አዋቂ አለ» ይባላል። የሚሰጠውም የእንዶድ ሥር፣ የምድር እምቧይ ሥር ወይም የሰንሰል ቅጠል ተወቅጦ በወተት ወይም በሌላ ነገር ነው። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ «በሽታው ወጣለት» ይባላል። እኛ የአባቶቻችንን መድኃኒት የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። እንዶድን እንኳ እንውሰድ። ፍሬው ተወቅጦ አረፋው ጋቢና ነጠላ እንደሚያነጣ ከናንተ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድ እንግዲህ የተመሰከረለት ተክል ነው፤ የተመሰከረለት ግን ለልብስና ለውሃው ቀንድ አውጣ ነው። ሥሩ ሲዋጥ መርዝ ነው። ልጁን ያስመለሰውና ያስቀመጠው መርዙ ነው እንጂ በሽታው ሲወጣ አይደለም።

«ታዲያ እገሌን አድኖታል እኮ!» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ሥሩን ጠጥተው በሕይወት ያሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ በሽታው አይዘውም። ባይጠጡም ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በመድኃኒቱ እንደዳኑ ይቆጠራሉ። በሽታው በእርግጥ የገባበት ልጅ ደግሞ ለወር ለሁለት ወር ደኅና ሆኖ ሲጫወት ይቆይና ድንገት ይታመማል፤ ያን ጊዜ «ሌላ ነገር ለከፈው» ይባላል። አዋቂው ስሙ እንደተጠበቀ ይቀራል። ልጁን ጠበል ለመውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብም ይወስደዋል፤ የምንለምነው ክትባቱ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘገይ ነው።

ስለ ክትባቱ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1885 በፈረንሳይ አጠገብ በአልዛስ አገር ዮሴፍ ሜስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ብዙ ቦታ ነከሰው። እናቱ ይዛው ፓሪስ ድረስ ሄደች፤ በተነከሰ በሁለተኛው ቀን ሉዊ ፓስተር ዘንድ አደረሰችው። በፓስተር ክትባት ልጁ ዳነ፤ አድጎም እስከ 1940 ኖረ። ያቺ እናት ሳትዘገይ ተነሥታ በመሄዷ ነው።

በአገራችንም ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር፤ በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ይወጋል፣ ሕመሙም ብዙ ሰው አስፈርቷል። አሁን በዓለም የሚመከረው በክንድ ላይ የሚወጋ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይደገማል። እንደ ክትባቱ ዓይነት ቀኑ ሊለያይ ስለሚችል ሐኪሙ የሚጽፍላችሁን ካርድ ጠብቁ፤ «ደኅና ሆኗል» ብላችሁ መሀል ላይ አታቋርጡ። የነከሰው ውሻ የሚታወቅና ጤነኛ መሳይ ከሆነ ወዲያው አትግደሉት፤ አሥራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በነከሰ ጊዜ በሽታው በለሃጩ ውስጥ የነበረ ውሻ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ አይቆይም። ሐኪሙም ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። መጠበቁ ግን ክትባቱን ለመጀመር ማዘግያ አይሁን።

ከሁሉ የሚቀለው ውሻውን ማስከተብ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ መንደር ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት አጥቶ ይቆማል። ሰባቱ ይበቃሉ ማለት ግን «የኔ ከሦስቱ ይሁን» ማለት አይደለም!

አሁን በኋላው ወደሚመጣው እንለፍ። በግ ሲታረድ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ምን ታደርጉታላችሁ? ቆርጣችሁ ለውሻው ትጥሉለታላችሁ። ውሻውም በደስታ ይበላል። በዚያ ከረጢት ውስጥ የትል ዘር አለ፤ በውሻው አንጀት ውስጥ ትንንሽ ትል ሆኖ ያድጋል፣ ዕንቁላሉም ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከሣሩ፣ ከአፈሩ፣ ከውሻውም ጠጉር ላይ ይጣበቃል። በጉ ሲግጥ ያንኑ ይውጣል። ልጁም ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ያን ጊዜ ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት እየተነፋ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው።

«ኮሶ እንጠጣለታ!» እንዳትሉ። ኮሶ ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚመጣውን፣ በአንጀት ያለውን ትል ያስወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ከመጠን ካለፈ ግን ዐይን ያበላሻል፣ እርጉዝም አትጠጣው፤ ለርሱም ቢሆን ዛሬ በሐኪም የሚታዘዝ ክኒን አለ። ጉበት ላይ ያለውን ከረጢት ግን ኮሶ አያገኘውም። የዚህ በሽታ መከላከያ አካፋ ነው። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ለውሻው የምትሰጡትንም ሌላ የሆድ ዕቃ በደንብ ቀቅሉ። ውሻው የትል ክኒኑን ከእንስሳት ሐኪም ያግኝ፤ ልጆችም ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለ ቁንጫ ብዙ አንልም፤ መኝታውን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማቃጠል፣ ለውሻውም ከቤት ራቅ ያለ ደረቅ ማደሪያ መሥራት ነው። እከክ የያዘውን ውሻ አንዳንድ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። ውሻ ገላውን ይልሳል፤ ዘይቱን ይውጣል፣ ይመረዛል። ለእከክ የሚሆን መድኃኒት በእንስሳት ክሊኒክ ይገኛል።

አንድ ነገር ቀረን። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ቡሄ ነው። ልጆች በትራቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ጅራፍም ይጮኻል። ያን ዕለት ጤነኛው ውሻ እንኳ ይደነግጣል፣ እንግዳ ልጅም ይነክሳል። ስለዚህ ሙልሙሉን መጋገር ከመጀመራችሁ በፊት ውሻውን ከጓሮ እሠሩት፤ ገመዱንም ፈትሹት፣ ውሃም አስቀምጡለት።