በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ልጅ የመሬትን ነገር ማስተማር



ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በፎቅ ቤት የሚኖረው ብዙ ሰው ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥ አልጋው ሲወዛወዝ ነቃ። እናቶች «እግዚኦ» እያሉ፣ ልጆች ብርድ ልብስ እንደለበሱ፣ በደረጃ ወረዱ። ከበዓሉ በኋላ ክፍል ስገባ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሳ ነገር እኛ ቤት እንዴት መጣ?»

በዚያን ጊዜ በእጄ የነበረው የዕለቱ ማስታወሻ የጃፓንና የካሊፎርኒያ ሥዕል ነበር። ለዓመታት ያስተማርኩትም ያንኑ ነው። ስለ ሩቅ አገር መሬት አወራለሁ፤ ልጆቹ ግን ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ይዋኛሉ፣ ሶደሬ ይታጠባሉ፣ በፍልውሃ በር ያልፋሉ። የዚያ ሙቅ ውሃ ነገርና የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር አንድ መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጉድለት ነው፤ ይህንን ትምህርት ከገዛ መሬታችን እንጀምር እላለሁ።

የመሬት ቅርፊት አንድ ወጥ ሽፋን አይደለም። ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ፣ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች፣ አፋር ላይ ይገናኛሉ፤ ይገናኛሉ ማለት ግን እዚያ ላይ ይለያያሉ ማለት ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ የመለያያ መስመር በውቅያኖስ ወለል ተደብቋል። እኛ ዘንድ ግን በእግር ተሂዶ ይታያል። በዋናው ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኙ መሬት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃል፤ የእጅ ጥፍር በሁለት ወር ከሚያድገው ያነሰ ማለት ነው። ወደ ሰሜን አፋር ሲዘልቅ ፍጥነቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምኑ ያስፈራል?» ይላል። መልሱ ያለው ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ አፋር ውስጥ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ በዳባሁ አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ አመድ ወጣ። ከሥር ደግሞ ማግማ የሚባለው የቀለጠ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ፣ በሳምንታት ውስጥ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። ተማሪዎቼ 8 ሜትርን በክፍሉ ወለል ላይ በእርምጃ እንዲለኩ አደርጋለሁ። ከዚያ «በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?» እላለሁ። 400 ይወጣል። አንዲት ልጅ «እንደ ዕቁብ ነው እኮ! በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀመ አንድ ቀን ይወጣል» አለች። ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው የእሷን ቃል ነው።

አንድ ስሕተት አለ፤ ብዙዎቻችን መምህራን ራሳችን እናስተላልፈዋለን። ከቅርፊቱ በታች ያለው የቀለጠ ባሕር ነው እንላለን። አይደለም። ጠጣር ዐለት ነው፤ በሚሊዮኖች ዓመታት ግን በዝግታ ይፈሳል። የሚቀልጠው ፕሌቶች ሲራራቁና ቅርፊቱ ሲሳሳ ነው፤ ትኩሱ ዐለት ወደ ላይ ይነሳል፣ የተጫነው ግፊት ይቀንስለታል፣ ያኔ በከፊል ይቀልጣል። ማግማው የሚመጣው ከመሬት እምብርት አይደለም።

እሳተ ገሞራ ለምን አንዱ በጸጥታ ይፈሳል፣ ሌላው ለምን ይፈነዳል? ለዚህ የላብራቶሪ ዕቃ አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት ይበቃል። ሾርባ ሲፈላ አረፋው ያለ ችግር ይወጣል። ወፍራም ሽሮ ግን ትክ ትክ እያለ ይፈናጠራል፣ እጅ ያቃጥላል፤ እንፋሎቱ በውፍረቱ ታግዶ ይቆይና በግድ ይወጣል። ቀጥሎ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንሱ፤ ክዳኑ ሳይከፈት አረፋ የለም፣ ሲከፈት ጋዙ ይንተከተካል። ማግማም ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በውስጡ የሟሟው ጋዝ እንዲሁ ይለያል። አፋር ውስጥ ያለው የኤርታ አሌ ላቫ፣ ማለትም ወደ ውጭ የወጣው ማግማ፣ ቀጭን ስለሆነ በሐይቅ መልክ ሲንተከተክ ኖሯል። ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ድረስ ሄደ።

ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ልመለስና ስለ መለኪያው ባጭሩ ልናገር። ዜና ላይ «በሬክተር ስኬል 5፣ በሬክተር ስኬል 6» ሲባል፣ ልጆች ልዩነቱን አንድ ደረጃ ብቻ አድርገው ይወስዱታል። በጉልበት 32 እጥፍ ያህል ነው።

ልጆች የመሬት መንቀጥቀጥ ድሮ ያልነበረ፣ በእኛ ዘመን የመጣ መቅሠፍት ይመስላቸዋል። ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሰርዶ ከተማ ወድማለች። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን ይህንን ሁሉ ሰብስበው በመጽሐፍ ትተውልናል። የእናቶችን «እግዚኦ» ግን በክፍል ውስጥ የሚያቃልል መምህር አልወድም። ጸሎቱም ይጸለይ፤ ልጁ ደግሞ መሬት ስትናወጥ በደረጃ እየሮጠ እንዳይወርድ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ እንዲይዝ፣ ከመስኮት እንዲርቅ ይማር። ይህ በቃል የሚነገር ሳይሆን በተግባር የሚለመድ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይበዛበትም።

አሁን «እኛ ቤት እንዴት መጣ?» ወዳለው ልጅ ጥያቄ ልመለስ። አሥር ተማሪዎችን በሰልፍ አቁሜ እጃቸውን በፊታቸው ባለው ልጅ ትከሻ ላይ አስደርጋለሁ። የኋላውን በቀስታ ስገፋው ግፊቱ ወዲያው ፊት ይደርሳል፤ የመንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ሞገድ ይህ ነው፣ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀጥሎ ወደ ጎን እንዲወዛወዙ አደርጋለሁ፤ ሁለተኛው ሞገድ ነው፣ በሴኮንድ 3 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ቤትን ይበልጥ የሚያናውጠውም እሱ ነው። መንቀጥቀጡ የተነሳበት ቦታ ሩቅ በሆነ ቁጥር የሁለቱ መድረሻ ጊዜ ይራራቃል፤ መብረቅ አይተን ነጎድጓዱን እንደምንጠብቀው። ሁለተኛው ሞገድ የዘገየበትን ሴኮንድ በ8 ማባዛት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል።

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ መጠኑ 6 የሆነው መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ያቺ የዕቁቧ ልጅ ለፈተና እያነበበች ነበር። መጀመሪያ በብርጭቆዋ ያለው ውሃ ሲርገበገብ አየች። ጠረጴዛው ሥር ገብታ የግድግዳውን ሰዓት ምት መቁጠር ጀመረች፤ 19 ላይ ቤቱ ተወዛወዘ። ክፍል ስንገናኝ ሰሌዳው ላይ 152 ብላ ጻፈች። አንድ ሰው ብቻውን አቅጣጫውን ማወቅ እንደማይችል፣ ሌላ ሁለት ቦታ ሆኖ የለካ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ቢሆንም በካርታው መለኪያ ልክ ክር ቆርጠን፣ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በመርፌ ወግተን አዞርነው፤ ክሩ ከፈንታሌ ትንሽ አልፎ በዶፈን ተራራ አጠገብ አለፈ።