ፊቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር የማይተመን ገንዘብ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ታክሲ ይዤ ወረፋ ስጠብቅ የማነበው ስለ አሮጌ የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1863 እስከ 1935 ድረስ በአሜሪካ «ናሽናል ባንክ» የሚባሉት በየስማቸው ገንዘብ ያወጡ ነበር። ባንኩ የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ በመያዣነት ግምጃ ቤት ያስቀምጣል፤ በዚያ መሠረት ኖት ይሰጠዋል። ኖቱ ላይ የባንኩና የከተማው ስም ይታተማል፤ የባንኩ ፕሬዚዳንትና ዋና ገንዘብ ያዥም ይፈርሙበታል። ከ12 ሺህ የሚበልጡ ባንኮች በዚህ መንገድ አውጥተዋል፤ ብዙዎቹ በትንንሽ የገጠር ከተሞች የነበሩ ናቸው።

ታዲያ ዋጋው በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ ከዚያ ባንክ ስንት ኖት እንደተረፈ ይታያል። የትልቅ ከተማ ባንክ ብዙ ስላወጣ ብዙ ተርፏል። ከአንዳንድ ትንሽ ከተማ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ባለ 5 ዶላር ኖቶች፣ አንዱ በመቶ ዶላር ቤት፣ ሌላው በሺህ ዶላር ቤት ሊሸጥ ይችላል። ቀጥሎ ዓይነቱ ነው፤ የቀድሞዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ የ1929ኞቹ ግን የዛሬውን ዶላር ያህል ሆነው ቡናማ ማኅተም አላቸው። በመጨረሻ ይዞታው ይመረመራል፦ እጥፋት፣ ቀዳዳ፣ እድፍ።

እንዲህ ያለ ኖት እጃችሁ ከገባ አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ በፕላስተር አትለጥፉት። ባንክ ወስዳችሁም አታስገቡ፤ ሕጋዊ ገንዘብ ስለሆነ የሚከፈላችሁ የተጻፈበት ቁጥር ብቻ ነው። ሊገዛ የመጣው ሰው የሚነግራችሁንም ብቻ አትመኑ። ተመሳሳዩ ኖት በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ጠይቁ።

በአገራችንም በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ከ1915 ጀምሮ ኖት አውጥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ስለሚመርጥ ወረቀቱ ብዙ አልተሰራጨም፤ የተረፈውም ጥቂት ነው። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ሣጥን ሳትመረምሩ አሮጌ ወረቀት ነው ብላችሁ አትጣሉ።

ማኅበራችንም የ10 ዓመት ደረሰኝና መዝገብ አለው። ዛሬ ተራ ወረቀት ይመስላል፤ ነገ ግን እዚህ እንደነበርን የሚመሰክረው እሱ ነውና በደንብ እናስቀምጠው።