ከብትና ቆርኬ በአንድ መስክ
በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሀላባ የሚያቀና መንገደኛ አጄ ከተማ ሲደርስ፣ የሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ከዚያ ብዙም አይርቅም። መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ዓላማውም በእንግሊዛዊው መኮንን በስዌይን ስም የሚጠራውን ቆርኬ ከጥፋት ማዳን ነበር። ይህ እንስሳ ከሶማሊያ ምድር ጨርሶ ጠፍቶ ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ ቀርቷል፤ ከቀሩት ዋና መኖሪያዎቹም ሰንቀሌና ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ይገኙባቸዋል።

ቆርኬ ሣር በል ነው፤ ከብትም እንዲሁ። የሁለቱ ዕጣ የተቈራኘው ግን በሣር ብቻ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ ገበሬው «ደስታ» የሚለው የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጅ፣ በአፍሪካ ቀንድ ሜዳዎች የነበሩትን የቆርኬ መንጎችም አብሮ ፈጅቷል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬ የቀረው ጉዳይ የቦታ ጥበት ነው። ሲቋቋም 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው መጠለያ ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል፤ በዙሪያው ያለው አርሶ አደርም የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ አልቆበታል። በበጋ ከብቱን ወደ መጠለያው የሚነዳው ሰው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላ ሣር ስለሌለው ነው።

እንግዲህ በዕረፍት ቀኑ ሄዶ ከብት ልቈጥር የሚል በጎ ፈቃደኛ ምን ይሠራል? «ብዙ ከብት አየሁ» ማለት ልኬት አይደለም። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ በየወሩ እየተመላለሰ መቍጠር አለበት፤ ወደ ውኃ የሚያልፈውን ከብት ቆሞ ከሚግጠው መለየት ይገባዋል። በሐሩር አገሮች የተለመደው መለኪያ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንስሳ ነው፤ አንድ የአገር ከብት 0.7፣ አንድ በግ ወይም ፍየል 0.1 ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ 100 ከብትና 50 ፍየል 75 መለኪያ ይሆናሉ። ሌሊት የሚገባውን መንጋ ግን ቀን የሚመጣ ቈጣሪ አያየውም፤ ለዚህ የሚረዳው እበቱ ነው። በተመደበ ቁራሽ መሬት ላይ ትኩሱን እበትና የቆርኬውን በጠጥ ለይቶ መመዝገብ አድካሚ ቢሆንም አያታልልም። ከዚህም ጋር አንድ ካሬ ሜትር መሬት በሽቦ ከልሎ፣ በውስጡ የበቀለውን ሣር በውጭ ከቀረው ጋር አጭዶ፣ አድርቆና መዝኖ ማነጻጸር ይቻላል። ወጪው የሽቦና የሚዛን ብቻ ነው፤ ለመሐንዲሶች ማኅበር ይህ ከባድ ሊባል አይችልም።

ከባዱ ጥያቄ ቈጣሪው ማን ይሁን የሚለው ነው፤ ይህንም ቀመር አይፈታውም። ለዚህ ከሰንቀሌ ርቆ፣ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው ወደ መንዝ ጓሳ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ከፍተኛ ቦታ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ፤ የጓሳውም ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች የራሳቸውን ጠባቂ መርጠው፣ አንዳንዴ እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ማጨድም ሆነ ማሰማራት የሚፈቀደው ሲከፈት ነው። ጠባቂው ራሱ ባለ ከብት ስለ ነበረ፣ ሣሩ የማን እንደ ሆነና ማን እንደ ጐደለበት ያውቃል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያንን የርስት ሥርዓት አፈረሰው። ሆኖም ነዋሪው ቆይቶ በቀበሌ ገበሬ ማኅበራቱ አማካይነት ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና ያዘ።

ሰንቀሌ እንደ ጓሳ የጋራ ርስት ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ የመንዙን ሥርዓት እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቻለው ቈጣሪውን ከባለ ከብቱ ጋር ማጣመር ነው፤ አንድ ከከተማ፣ አንድ ከመንደር። ቍጥሩ በቀጥታ ለዘቦች ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወር እረኛው ቈጣሪውን ሲያይ ከብቱን ወደ ጫካ ያስገባል፤ መዝገቡም ባዶ ሆኖ መጠለያው የዳነ ያስመስላል። ስለሆነም የየወሩ ወረቀት በቅድሚያ በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት፣ በሚሰሙት ቋንቋ ይነበብ፤ ያከራከረው ቍጥር እዚያው ይታረም፤ ከዚያ በኋላ ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት ይላክ። የሽቦው ክልልም የሚተከልበትን ስፍራ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቢያሳዩ ይመረጣል፤ ካልሆነ ሽቦው ለአጥር ተወስዶ ማደሩ አይቀርም።