በእንግሊዝኛ ክፍል አንገት ስለ መድፋት
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ነበር። ገጸ ባሕርይ ማለት ይህ ነው፣ መቼት ማለት ይህ ነው፣ ጭብጥ ማለት ይህ ነው ተብሎ ይጻፍልናል፤ እኛም ገልብጠንና ሸምድደን ለፈተና እንመልሰዋለን። ማርኩም አይከፋም ነበር። ነገር ግን መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ «ይህ ሰው ለምን እንዲህ አለ?» ብሎ የጠየቀን ዕለት ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተንም አንገታችን ገና አልተቃናም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «እንግሊዝኛችን ደካማ ስለ ሆነ ነው» እንላለን። ይህ በከፊል እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን አፍ የፈታንበትን ቋንቋና በእርሱ ያገኘነውን ማስተዋል ደጅ ትተን መግባታችን ይመስለናል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሼክስፒር «ሐምሌት»፣ በሦስተኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት፣ ንግሥቲቱ ልጇን ትገሥጻለች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛው እንደ እኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለይ ነበር፤ «ዘው» ለቅርብና ለታናሽ፣ «ዩ» ለታላቅ ወይም ለባዕድ። እናቲቱ በ«ዘው» ትጀምራለች፤ ልጁ እንደ ሥርዓቱ በ«ዩ» ይመልሳል፤ ነገር ግን የራሷን ወቀሳ መልሶ በእርሷ ላይ ያዞረዋል። ወዲያው እርሷም «ዘው»ን ትታ «ዩ» ትለዋለች። መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ሰው ይህን ሳያየው ያልፋል። እኛ ግን እናት ልጇን ድንገት «እርስዎ» ብትለው በቤቱ ውስጥ ምን እንደ ተበላሸ አስረጂ አያሻንም። ግጭት ማለት ይኸው ነው።

ሴራንም እንውሰድ። «ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ልጁም ከተማ ገባ» ቢባል ሁለት ድርጊት ሰማን። «ገበሬው ልጁን ከተማ ልኮ ለማስተማር በሬውን ሸጠ» ቢባል ግን በመካከሉ ምክንያት ገባ። ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናቱ ታሪክንና ሴራን የለየው በዚሁ በምክንያት ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ ያደገ ልጅም ከተባለው በታች ያልተባለውን መፈለግ አዲስ አይሆንበትም።

ይህን ስንል ሰዋስው አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። በአማርኛ ግሱ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። በአማርኛ ልማድ መጨረሻውን የሚጠብቅ አንባቢ ፍሬ ነገሩ ያመልጠዋል። ይህም የሚቃናው ጮክ ብሎ በማንበብና በየቀኑ ጥቂት በመጻፍ ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ትርጓሜውን ከማስጻፋችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን አሳዩን፤ ሐሳቡንም መጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ተነጋግረንበት ወደ እንግሊዝኛ እንድንመልሰው ፍቀዱልን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ አንዱ በሰዋስው ቢሳሳት አንሳቅበት፤ ዛሬ የተሳቀበት ነገ እጁን አያነሣም፤ እጁን ያላነሣም ያወቀውን እንደ ያዘ ይቀራል። ሁላችንም ደግሞ «ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፣ ይህ ምጸት ነው» ብለን በጻፍን ቁጥር «የቱ ላይ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱን ከገጹ ላይ ማሳየት ካልቻልን ስሙን ብቻ አወቅን እንጂ ነገሩን አላነበብነውም።

ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን እንሆናለን። በፊታችን የሚቀመጡት ልጆች እንደ እኛ አንገታቸውን እንዳይደፉ ከአሁኑ ቀና ብለን እናንብብ።