የጀማሪ ዘላይ ፈረሶች የመጀመሪያ ውድድሮች እንዴት ይታቀዳሉ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ከድልድይና ከግድብ የራቀ ነው። ርእሱን የመረጥሁት ግን ለፈረስ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ብቻ አይደለም። እኛ መሐንዲሶች ጭነት የምናሳርፍበት ነገር ባሕርዩ በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ ኮንክሪት እንኳ ዕድሜው በቀን ተቆጥሮ ጥንካሬው ይገመታል። የዘላይ ፈረስ አሰልጣኝ ግን ጭነቱን የሚያቅደው ገና በማደግ ላይ ባለ፣ በተሸከመው ጭነት ልክ በሚለወጥ፣ በዚያም ላይ በሚፈራና በሚያስታውስ ፍጡር ላይ ነው። ይህን ሥራ በእንግሊዝ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ያሉ አሰልጣኞች ያለ ሒሳብ ቀመር፣ በልምድ ብቻ እንዴት እንዳደራጁት መመልከት ለሙያችን እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ፈረስ በአገራችን በጉግስና በጃን ሜዳ እሽቅድምድም የታወቀ ቢሆንም፣ መሰናክል እየዘለለ የሚሮጥበት ውድድር እምብዛም ስለማይታወቅ ደረጃዎቹን አስቀድሜ ልግለጽ። ዓመታቱንና ወሮቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ባምፐር ይባላል፤ መሰናክል የለውም፤ ርቀቱም ብዙውን ጊዜ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ሀርድል ነው፤ በእንግሊዝ ደንብ መሰናክሉ ቢያንስ 1.07 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ፈረሱ ሲመታው ወደ ፊት ይጋደማል። ሦስተኛው ስቲፕልቼዝ ነው፤ መሰናክሉ ቢያንስ 1.37 ሜትር ሲሆን በቅርንጫፍ የታጨቀ ወፍራም አጥር ስለሆነ ስሕተትን በቀላሉ አያልፍም። የመሰናክሎቹ ልዩነት በሜትር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ለፈረሱ ግን ሌላ ዓለም ነው።

አሁን ወደ አካሉ ልለፍ። አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ፣ አንዱ የፊት እግሩ መሬት በሚረግጥበት ቅጽበት የሚሸከመው ኃይል ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። ከዚህ ብዙውን የሚቀበለው ከፊት እግሩ አጥንት በስተኋላ የሚወርደው ጅማት ነው። በአንደኛ ዓመት ትምህርታችን እንደምናስታውሰው፣ ተራ ብረት ከርዝመቱ አንድ ሺኛውን ጥቂት አልፎ ከተለጠጠ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። የፈረስ ጅማት ግን በግልቢያ ጊዜ ከመቶ አሥር በላይ ይለጠጣል፤ ከሚበጠስበት ልክ የሚለየውም ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። በእኛ አነጋገር ሴፍቲ ፋክተሩ ወደ አንድ የተጠጋ ነው። በመለጠጥና በመሰብሰብ የሚባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ የጅማቱ መሐል እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚደርስ በጋላቢ ፈረሶች ላይ ተለክቷል። እንዲህ ያለ ዲዛይን ለማጽደቅ ብንጠየቅ ከመካከላችን የሚፈርም አይኖርም። የተጎዳ ጅማት ለመዳን አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ዳነ ከተባለም በኋላ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

አጥንት ሌላ ጠባይ አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ራሱን ያድሳል። ስለዚህ ወጣቱን ፈረስ እስኪጠነክር ድረስ በጋጥ ማቆየት መፍትሔ አይሆንም፤ ጭነት ያላየ አጥንት ጭነት የሚችል አይሆንምና። የሚያስደንቀው ግን እድሳቱ የሚጀምረው አሮጌውን አጥንት በመቦርቦር መሆኑ ነው፤ ባዶው ቦታ በአዲስ አጥንት እስኪሞላ ሳምንታት ያልፋሉ። ረጅም ዕረፍት አድርጎ በጥድፊያ ወደ ፈጣን ግልቢያ የተመለሰ ፈረስ አጥንቱ ከሚሰነጠቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ አሰልጣኙ የሚያስተዳድራቸው ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ነው፤ አጥንት ሥራ ይጠይቃል፣ ጅማት ቁጥብነት ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ልማድ መካከል የቆየ ልዩነት አለ። ፈረንሳዮች ፈረሱን ገና በሦስት ዓመቱ በመሰናክል ያሽቀዳድማሉ። በእንግሊዝና በአየርላንድ የነበረው ነባር ልማድ ግን ፈረሱን እስከ ሦስትና አራት ዓመቱ በመስክ አሰማርቶ ማቆየት ነበር። ፈረንሳይ ተወልዶ በ2003 በሦስት ዓመቱ በሀርድል መሮጥ የጀመረው ካውቶ ስታር የቼልተናምን የወርቅ ዋንጫ በ2007 እና በ2009 አሸንፏል። ስለዚህ በልጅነት መዝለል ብቻውን ፈረስን ያጠፋል የሚለው አባባል አያስኬድም። በእኔ አስተያየት ከዕድሜው ይልቅ የሚመዝነው በአንዱ ውድድርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ይመጣል። ደንቡ ማንኛውም ፈረስ ባለው ችሎታ ልክ እንዲጋለብ ግድ ይላል፤ ውድድርን እንደ ልምምድ መጠቀም ያስቀጣል። አሰልጣኙ ጋላቢውን «ዛሬ ለማሸነፍ አትሞክር፤ ይማር ብቻ» ብሎ ሊያዘው አይችልም። ሆኖም የመጀመሪያው ውድድር ትምህርት መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ አሰልጣኙ ጭነቱን የሚመጥነው ፈረሱ ከመነሻው መሥመር ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይኸውም የት፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚሮጥ በመምረጥ ነው። አንዴ ከተመዘገበና ከተነሣ በኋላ እጁ ባዶ ነው።

ምርጫውም ዝርዝር አለው። ፈረሱ አስቀድሞ በቤቱ መሬት ላይ በተጋደመ እንጨት፣ ከዚያም በትንንሽ መሰናክል፣ ብዙ ጊዜም ልምድ ካለው ሽማግሌ ፈረስ ጎን እየዘለለ ይሠለጥናል። ለመጀመሪያ ውድድሩ ሜዳማና መታጠፊያው ሰፊ የሆነ ቦታ ይፈለግለታል፤ አቀበትና ቁልቁለት ያለበት ቼልተናም ለብዙዎቹ ይቆያል። የተወዳዳሪው ቁጥር አነስ ቢል ይመረጣል፤ በብዙ ፈረስ መካከል የተጨናነቀ ጀማሪ መሰናክሉን የሚያየው ሲደርስበት ነውና። የአፈሩ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ደረቅ መሬት ጅማትንና አጥንትን ይመታል፤ የረግረግ ያህል የራሰ መሬት ጉልበት ይጨርሳል፤ የሚፈለገው በመካከሉ ያለው ነው። ዝናብ ሳይጥል በመቅረቱ በውድድሩ ዋዜማ ፈረሱን የሚያስቀር አሰልጣኝ ባለቤቱን ቢያስቀይምም፣ በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን ሠርቷል።

ታዋቂው አርክል በዚህ መንገድ ያለፈ ነው። አሰልጣኙ ቶም ድሬፐር በዲሴምበር 1961 በማሊንጋር ባምፐር አስጀመረው፤ ሦስተኛ ወጣ። በሁለተኛውም ባምፐር አላሸነፈም። በጃንዩወሪ 1962 በናቫን ወደ ሀርድል ተሸጋግሮ አሸነፈ፤ የመጀመሪያ ቼዙን የሮጠው በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቼልተናም ነው፤ አሸነፈም። የወርቅ ዋንጫውን ከ1964 እስከ 1966 በተከታታይ ወስዷል። በሁለቱ ባምፐሮች መሸነፉን እንደ ጉድለት ቆጥሮ የቸኮለ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ቸኮላን የሚጠራ ነገር ግን በደንቡ ውስጥ ራሱ አለ። ፈረስ በሀርድል ወይም በቼዝ «ጀማሪ» የሚባለው እስኪያሸንፍ፣ ካሸነፈም ያ የውድድር ዘመን እስኪዘጋ ድረስ ነው፤ ጥቂት ማስተካከያዎች ቢኖሩም መሠረቱ ይህ ነው። በእንግሊዝ ዘመኑ በአፕሪል ማብቂያ ይዘጋል። ዘግይቶ ያሸነፈ ፈረስ የጀማሪነት ዕድሉን በጥቂት ሳምንት ጨርሶ በሚቀጥለው ዓመት ከነባሮቹ ጋር ይደባለቃል። በዚህ ላይ ትልቁ የቼልተናም ክብረ በዓል በማርች ስለሚውል ዕቅዱ ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ የቀለብና የሥልጠና ወጪ በየወሩ የሚከፍለው ባለቤትም ማርችን ያልማል። አንድ ተጨማሪ ውድድር በፌብሩዋሪ የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው። የደከመ ጀማሪ እግሩን በሚገባ ሳያነሣ ይዘላል፤ ሲወድቅ የሚሰበረው የእግር አጥንት ብዙውን ጊዜ ስለማይጠገን ፈረሱ እዚያው ሜዳ ላይ እንዲሞት ይደረጋል። በእኛ ሥራ መዋቅሩ ሳይደርስ የምረቃ ቀን ሲቆረጥ ያየ ሰው ይህን ግፊት ያውቀዋል።

ግፊቱን በመቋቋም ስሟ የሚነሣው ሄንሪየታ ናይት ናት። የእርሷ ቤስት ሜት በአየርላንድ የገጠር ውድድር ከሞከረ በኋላ በኖቬምበር 1999 በቼልተናም ባምፐር አሸነፈ፤ በዚያው ዘመን ሀርድል ሮጠ፤ በ2000 መኸር በኤክሰተር ወደ ቼዝ ገባ። ከ2002 እስከ 2004 የወርቅ ዋንጫውን በተከታታይ ሲወስድ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዘመናት የሮጠው በየዘመኑ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ብዙዎች ፈረሱን ከሕዝብ ዓይን ሸሸገችው ብለው ወቅሰዋታል። በሕይወቱ ከሮጣቸው 22 ውድድሮች 14ቱን አሸነፈ፤ በ7ቱ ሁለተኛ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አልወደቀም። በኖቬምበር 2005፣ የመጀመሪያውን የቼዝ አጥር በዘለለበት በዚያው በኤክሰተር፣ ጋላቢው ከውድድሩ ካስወጣው በኋላ በእግሩ ቆሞ ሳለ ተንገዳግዶ ወደቀና ሞተ። ልቡ ነው ተባለ፤ እግሮቹ ደህና ነበሩ።